ጀግናዋ አሸንፋ ካገባች በኋላ ክፍል ሁለት ከየት ይነሳል?

ጥያቄ፦ «60,000 ቃል ገደማ የሆነ ተረት መሰል ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። የጥላ ንጉሥ የከተማውን ሰው ጥላ ይሰርቃል፤ ጥላው የተሰረቀበት ሰው ሕልም አያይም፣ አያረጅም፣ አይወልድም። የልብስ ሰፊ ልጅ የሆነችው ሊያ በአንዲት አሮጊት ምክር፣ በአስማተኛ መርፌና በራሷ ፀጉር የሁሉንም ጥላ በአንድ ሌሊት ሰፍታ ትመልሳለች፤ ፀጉሯም ይነጣል። ንጉሡ አመድ ይሆናል፣ እሷም ልዑሉን ታገባለች። አንባቢዎች ክፍል ሁለት የት አለ እያሉ ይጠይቁኛል። ለንጉሡ ከሱ የባሰ ወንድም ፈጥሬ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስቱም አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሙብኝ። ሁሉም ነገር ተጠናቋል፤ መርፌዋ ደግሞ የማትፈታው ችግር የለም። እንዴት ላቅደው? ሦስተኛ ክፍልስ ከአሁኑ ላስብበት?»

ምላሽ፦

ወንድምየውን ይተዉት። ጽሑፉ የቆመብዎ ችሎታ አንሶዎት አይደለም፤ ወንድምየው ከሊያ ጋር ምንም ጉዳይ ስለሌለው ነው። ሊያ ብትሸነፍም ይመጣ ነበር፣ ባትወለድም ይመጣ ነበር። እንዲህ ያለ ጠላት አዲስ ታሪክ ያስጀምር ይሆናል እንጂ የቆየውን አያስቀጥልም።

አምስተኛው ምዕራፍ ላይ መቆሙም የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የክፍል ሁለት የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ምዕራፎች የሚሄዱት በአንባቢው ናፍቆት ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ይታያል፣ የድሮ ወዳጆች ይገናኛሉ፣ ወንድምየው ከሩቅ ይዝታል። ከዚያ በኋላ ሊያ አንድ ነገር ፈልጋ መነሳት አለባት። ምን ትፈልግ? ሁሉን አግኝታለች። የቀራት ፍላጎት ያላት እንዳይነካባት መጠበቅ ብቻ ነው። ያለውን ከመጠበቅ በቀር ፍላጎት የሌለው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ጠላት እስኪመጣበት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ምዕራፉ የቆመው ሊያ ስለቆመች ነው።

መፈለግ ያለብዎ የድሉን ዕዳ ነው፤ ጀግናዋ ያሸነፈችበት መንገድ ራሱ ያስከተለው፣ እስካሁን ማንም ያልከፈለው ነገር። በእርስዎ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ዕዳው ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ሊያ የከተማውን ሁሉ ጥላ የሰፋችው በአንድ ሌሊት ነው፤ በጨለማ። በጨለማ ጥላ ከጥላ አይለይም። ስንቱ ሰው የሌላ ሰው ጥላ ተሰፍቶለታል? አንጥረኛው መዶሻ ሲያነሳ ግድግዳው ላይ የምትነሳው የልጅ እጅ ብትሆንስ? ታማኙ የግምጃ ቤት ኃላፊ የሌባ ጥላ ደርሶት፣ መጀመሪያ ጥላው ወደ ሰው ኪስ ቢዘረጋ፣ ከወራት በኋላ እጁም ቢከተልስ? ንጉሡ አመድ ሲሆን የራሱ ጥላስ የት ገባ? ማን ላይ ተሰፋ?

ይህን ከወንድምየው ጋር ያነጻጽሩት። አጥፊዋ የከተማው አዳኝ ናት፤ ሰው ሁሉ ባለውለታዋ ስለሆነ አቤት የሚል አይገኝም። መርፌዋም ከመፍትሔነት ወደ ችግሩ ምንጭነት ዞረች።

ይህኛው ካልጣመዎ ሌላ መነሻ ይፈልጉ፤ የትኛውንም ቢመርጡ ግን በሦስት ጥያቄ ይፈትኑት። ጀግናዋ ተሸንፋ ቢሆን ኖሮ ይህ ችግር ይፈጠር ነበር? ይፈጠር ነበር ካሉ ይጣሉት። ችግሩን ለመፍታት በክፍል አንድ ካገኘችው ነገር አንዱን ለማጣት መቁረጥ ይኖርባታል? ከሌለባት ግጭቱ ቀላል ነው። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ የሚያነሳው ጥያቄ ከመጀመሪያው የተለየ ነው? ክፍል አንድ «የጠፋው ይመለሳል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍል ሁለት «በስህተት የተሰጠ ነገር፣ ሰው ከለመደው በኋላ ይወሰዳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ወንድምየው ያለበት ረቂቅ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጮክ ብሎ ይደግመዋል፤ አንባቢ ደግሞ መልሱን ያውቀዋል።

ተረት ራሱ ይህን አሠራር ያውቀዋል። ሩሲያዊው ቭላድሚር ፕሮፕ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጥናት የድንቃድንቅ ተረቶችን ድርጊት በ31 ተግባራት ከፋፍሎ አሳይቷል። ተረቱ የሚነሳው ከበደል ወይም ከጉድለት ነው፣ መድረሻው ብዙ ጊዜ ሠርግ ነው፣ አዲስ በደል ወይም ጉድለት ሲከሰት ደግሞ አዲስ ዙር ይጀምራል። በጣም የታወቀው ሁለተኛ ዙር ጀግናው ያገኘውን ይዞ ሲመለስ ወንድሞቹ ቀምተው ገደል የሚከቱት ነው። ልብ ይበሉ፣ ቅሚያው የተከተለው ማግኘቱን ነው፤ ባዶ እጁን ቢመለስ ማንም አይነካውም ነበር።

ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ያሳተመው የተኛችው ልዕልት ተረትም እንዲሁ ነው። ልዕልቷ ነቅታ ታገባለች፣ ተረቱ ግን ይቀጥላል፤ ልዑሉ ጋብቻውን ከእናቱ ይደብቃል፣ እናቱ የሰው በላ ዘር ናት፣ በኋላም የልጅ ልጆቿን ልትበላ ትነሳለች። የግሪም ወንድሞች በ1812 ያሳተሙት ግን ሠርጉ ላይ ያበቃል። የፔሮ ሁለተኛ አጋማሽ ግጭቱን ከጋብቻው ማውጣቱ ጥሩ ነው፤ ድክመቱ ልዕልቷን ሥራ ፈት ማድረጉ ነው። ልጆቹን የሚያድናቸው የወጥ ቤት ሹሙ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰውም ባልየው። ሊያን እዚህ ወጥመድ ውስጥ እንዳያስገቧት፤ ችግሩን የፈጠረው እጇ እንደሆነ ሁሉ የሚፈታውም እጇ ይሁን።

መነሻውን ካገኙ በኋላ ወደ ጽሑፍ አይሩጡ። መጀመሪያ የራስዎን መጽሐፍ ባዕድ እንደጻፈው አድርገው እርሳስ ይዘው ያንብቡት፣ መዝገብም ያውጡ። በደብተርም ሆነ በኮምፒውተር ሰንጠረዥ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ የተባለው ነገር፣ ምዕራፉ፣ ማን እንደተናገረው፣ ማን ማን እንደሚያውቀው፣ እና ምን ያህል እንደሚያስርዎ። ዕድሜ፣ ወቅት፣ የመንገድ ርቀት፣ ጠባሳ፣ የተሰጠ ቃል፣ ዕቃ መጨረሻ የታየበት ቦታ፣ የአስማት ሕግ፣ በስም የተጠራ ግን ያልታየ ሰው፤ ሁሉም ይግባ። ለ60,000 ቃል መጽሐፍ ከ150 እስከ 250 መስመር ቢወጣ አይደንግጡ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሳይሠሩት ከጀመሩ ግን ሃያኛው ምዕራፍ ላይ አሮጊቷ ክፍል አንድ ውስጥ መሞቷ ትዝ ይልዎታል።

ከአምስቱ ዓምዶች ትልቅ ጥቅም ያለው «ማን ተናገረው» የሚለው ነው። ተራኪው ራሱ ያለው ነገር ያስርዎታል፤ ገጸ ባሕርይ ያለው ግን የዚያ ሰው እምነት ብቻ ነው፤ ሊሳሳት፣ ሊዋሽ፣ ግማሹን ብቻ ሊያውቅ ይችላል። «መርፌዋ የምትሰፋው በሊያ ፀጉር ብቻ ነው» የሚለው ሕግ በተራኪው አፍ የተነገረ ከሆነ ተዘግቷል። አሮጊቷ ለሊያ የነገረቻት ከሆነ ግን በር አለዎት። አሮጊቷ ተሳስታ ይሆናል፤ ማንም ሰው በገዛ ፀጉሩ የገዛ ጥላውን መስፋት ይችል ይሆናል። ይህን በር ያስታውሱት፣ እመለስበታለሁ።

በሩ ተዘግቶ ካገኙትና የግድ መክፈት ካለብዎ፣ ታዋቂው መንገድ የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን ነው። በ1937 በታተመው የ«ሆቢት» የመጀመሪያ እትም ጎለም የተባለው ፍጡር አስማተኛ ቀለበቱን የእንቆቅልሽ ጨዋታ ሽልማት አድርጎ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለቢልቦ በፈቃዱ ሊሰጥ ይስማማል። ለተከታዩ ታሪክ ቀለበቱ ባለቤቱን የሚይዝ ክፉ ነገር መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ ምዕራፉ ተጽፎ በ1951 እትም ተተካ። ተከታዩ መጽሐፍ በ1954 መውጣት ሲጀምር ደግሞ መግቢያው የድሮውን ትረካ ቢልቦ ቀለበቱን በአግባቡ ያገኘ ለመምሰል የተናገረው ውሸት ነው ብሎ አስረዳ። ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ የደራሲውን ለውጥ የገጸ ባሕርዩ ጥፋት አደረገው፣ ጥፋቱም ስለ ቀለበቱ ክፋት ይመሰክራል። መጽሐፍዎ ገና በእጅዎ ካለ እርማቱን ያስገቡ። ከወጣ ግን ለውጡን የሚሸከም ሰው ታሪኩ ውስጥ ይፈልጉ። በዝምታ መለወጥ አይሆንም፤ ክፍል ሁለትን የሚያነቡት ክፍል አንድን በቃላቸው የያዙት ናቸው።

አሁን ወደ መርፌዋ። አስማቱ ሁሉን ቻይ ሆኖ ሲያስቸግር ብዙ ጸሐፊ የሚወስደው እርምጃ መርፌዋን መስበር ወይም ማስሰረቅ ነው። አይመከርም። አንባቢ ሊያን የወደደው ስትሰፋ ነው፤ መርፌዋን ከነጠቋት የወደደውን ነጠቁት፣ ተመልሳ እስክታገኛት ያለው መጽሐፍም ፍለጋ ብቻ ይሆናል። ይልቅ መርፌዋ በእጇ እያለች የማትጠቅምበትን ችግር ያምጡባት። መርፌ ይሰፋል፤ የክፍል ሁለት ሥራ ግን መተርተር ነው። ሊያ መተርተር አልተማረችም፣ የሚተረተር ጥላ ምን እንደሚሆንም የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ክፍል አንድ ውስጥ ያስቀመጡት ዋጋ አለ፤ ክሩ ፀጉሯ ነው። እያንዳንዱ እርማት አዲስ ክር ይፈልጋል፤ ፀጉሯ ግን አንድ ራስ ብቻ ነው። ስንት ጥላ እንደቀረና ስንት ክር እንደቀረ አንባቢው እንዲያውቅ ያድርጉ። በየጥቂት ምዕራፉ ቁጥሩ ሲቀንስ ይታይ፤ ከየትኛውም ዛቻ በላይ ያስጨንቃል።

አዲስ የአስማት ሕግ መጨመር ካማረዎ ሕጉን ይዘው ወደ ክፍል አንድ ጡዘት፣ ማለትም ግጭቱ ጫፍ ወደሚደርስበት ቦታ፣ ይመለሱና ትዕይንቱን እንደገና ያስኪዱት። ሕጉ ያኔም እውነት ከነበረ ሊያ ለምን አልተጠቀመችበትም? መልስ ከሌለ ቀዳዳ ነው፣ ሕጉ ይቅር። መልስ ኖሮ መልሱ ሊያን የሚያሳምም ከሆነ ግን ውድ ነገር አገኙ። «ማንም በፀጉሩ የራሱን ጥላ መስፋት ይችላል» የሚለውን ወደዚያ ሌሊት ይውሰዱት። ሕዝቡ አልሞከረም፣ አሮጊቷም አላወቀችም፤ ስለዚህ ሊያ ብቻዋን ፀጉሯን ያነጣችው ሳያስፈልግ ነበር። ይህ ትረካውን አይቀድም፤ ሊያን ያቆስላል። በሩን ያስታውሱት ያልኩትም ለዚህ ነው፤ መጨረሻዎ እዚህ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሠርጉ አጭር ነገር ልበል። ልዑሉን በመጀመሪያው ገጽ አይግደሉት፣ አያማግጡትም። ክፍል አንድን ሲዘጋ የተደሰተ አንባቢ ደስታው በሁለት መስመር ሲፈርስ የሚቀየመው እርስዎን ነው። ትዳሩ ይቆይ፤ የሚፈተነው ግን ክፍል አንድ ውስጥ በነበረው ነገር ይሁን። የንጉሡ ጥላ የተሰፋው ልዑሉ ላይ ቢሆን ምን ይሆናል? ሊያ ይህን ስታውቅ መተርተር ትፈልጋለች ወይ? ባሏ ከሠርጉ ወዲህ ቆራጥ፣ የሚደመጥ ሰው የሆነው በዚያ ጥላ ቢሆንስ?

ባላጋራም ያስፈልግዎታል፤ ባላጋራው ግን ክፉ መሆን የለበትም። የክፍል አንድ ባላጋራ ፍጹም ክፉ ከነበረ የክፍል ሁለቱ በራሱ በኩል ትክክል ቢሆን ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ጥላዋ ከመሰረቁ በፊት ቀና ብላ መናገር የማትችል ሴት፣ የሞተ ወታደር ጥላ በስህተት ተሰፍቶላት ዛሬ የከተማው ሸንጎ መሪ ሆናለች እንበል። ጥላዬን አልመልስም ትላለች፤ እንደሷ የሚሉም ይሰበሰቡላታል። ምን ብላ ትረታታለች ሊያ? ደራሲው ራሱ የሚመልሰው የጠፋበት ክርክር ለመካከለኛው የመጽሐፍ ክፍል ነዳጅ ነው።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚያልፈው ጊዜም ከወዲሁ ይወሰን። ተረት በባሕርዩ ጊዜ አይቆጥርም፤ «በደስታ ኖሩ» ብሎ ይዘጋል። ተከታይ ክፍል ግን ጊዜን ያስገባል፣ ሰው ማርጀትና መሰልቸት ይጀምራል። በማግስቱ ቢጀምሩ ግለቱ አለ፣ ገጸ ባሕርያቱ ግን አልተለወጡም። አንድ ትውልድ ቢዘሉና የሊያን ልጅ ጀግና ቢያደርጉ አጀማመሩ ይቀላል፤ ሆኖም አንባቢው የወደዳትን ሊያ እናት አድርገው ከመድረኩ ጥግ ያስቀምጧታል፣ ክፍል ሁለት የተጠየቀው ደግሞ በእሷ ምክንያት ነው። ለዚህ ታሪክ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ይስማማል፤ የተሳሳተ ጥላ ጠባይን ለመለወጥ ጊዜ ይፈልጋል፣ የሊያ ስፌትም ገና አላረጀም።

አሁን ልኩን እንውሰድ። 70,000 ቃል፣ 28 ምዕራፍ፣ በምዕራፍ 2,500 ገደማ። እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ማለትም በ5,000 ቃል ውስጥ፣ ችግሩ ለዓይን ይታይ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሊያ ወደኋላ የማይመለስ ነገር ታድርግ፤ የአንጥረኛውን ጥላ ትተረትራለች፣ ጥላው የሚሰፋበት ባለቤት ስላልተገኘ ያመልጣል፣ አንጥረኛው እንደ ንጉሡ ዘመን ጥላ ቢስ ሆኖ ይቀራል፣ ከተማውም ይሰማል። ከዚህ ወዲህ «ትቼዋለሁ» ማለት አትችልም። ቀድሞ የቆመብዎ አምስተኛ ምዕራፍ ስለዚህ በፍላጎት ይጀምራል፤ ያመለጠውን ጥላ መያዝ አለባት።

ምዕራፍ 14 ላይ፣ መሐሉ ላይ፣ ጥያቄው ይቀየር። እስከዚያ «ስህተቴን እንዴት ላርም?» ትላለች፤ የንጉሡ ጥላ ባሏ ላይ መሆኑን ስታይ «ማረምስ እፈልጋለሁ?» ይሆናል። ያየችውን ትደብቃለች። ምዕራፍ 21 ላይ መደበቋ ይወጣል፤ ባሏም፣ ሸንጎውም፣ አንጥረኛውም በአንድ ቀን ይርቋታል፤ ክሯም ሊያልቅ ነው። ጡዘቱ ከ25 እስከ 26፣ ልቀቱ፣ ማለትም ከጡዘቱ በኋላ ነገሩ የሚረጋጋበት ክፍል፣ ሁለት ምዕራፍ። ብዙ ጀማሪ ለልቀት ግማሽ ምዕራፍ ብቻ ይተዋል፤ በተረት ግን አንባቢው የመጣው ዓለሙ ሲስተካከል ለማየት ጭምር ስለሆነ 5,000 ቃል አይበዛም።

ይህ አጽም አንድ ገጽ ላይ ይግባ። ከዚያ ለየምዕራፉ አንድ ካርድ ይያዙ፣ በካርዱ ላይ ሦስት መስመር ብቻ፦ ማን ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል፣ ሲያልቅ ምን ተለውጧል። ሦስተኛው መስመር ባዶ የሆነበት ካርድ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃድ። ከ28 ካርድ አራት አምስቱ በዚህ መንገድ ቢቀልጡ መልካም ነው፤ ከምዕራፍ 8 እስከ 13 ባለው መንገድ ላይ መብዛታቸው የተለመደ ነው፣ ሰው ከቦታ ቦታ ሲሄድ ብቻ የሚታይበት ክፍል ነውና።

ሌላው የሚያስቸግረው ያለፈውን ታሪክ ለአዲስ አንባቢ ማሳወቅ ነው። የሚጠበቀው ስህተት ይህን ይመስላል፦

«ሊያ ከአንድ ዓመት በፊት የጥላውን ንጉሥ ያሸነፈች የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። በአስማተኛ መርፌዋ የሕዝቡን ጥላ መልሳ፣ ልዑሉን አግብታ በደስታ ትኖር ነበር። አንድ ቀን ግን አንጥረኛው አቤቱታ ይዞ መጣ።»

ሁሉም ተነገረ፣ ምንም አልታየም። ያንኑ መረጃ ትዕይንት ውስጥ ሲበትኑት፦

«አንጥረኛው ደጁ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።
«ፀሐይዋ ትጥለቅ፣ እመቤቴ። ከዚያ እገባለሁ።»
«ምን አጥፍተህ ነው?»
«እኔ አላጠፋሁም።»
ወደ እግሩ ሥር ላለማየት አንገቱን አቅንቷል። ሊያ ግን አየች። ከዚያ ሰፊ ትከሻ ሥር ድንጋዩ ላይ የተዘረጋው ጥላ ሁለት ጉንጉን ነበረው። ስፌቱን አወቀችው። ነጭ ፀጉሯ ተረከዙ ላይ ያበራል።»

አዲሱ አንባቢ ሊያ ባለማዕረግ እንደሆነች፣ ጥላ በፀጉር እንደሚሰፋ፣ የሰፋችው እሷ እንደሆነች፣ አሁን ስህተት እንዳለ አወቀ። የድሮው አንባቢ ደግሞ የማያውቀውን ነገር አየ፤ የሚያውቀውን ሲደግሙለት አልሰለቸም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ልክ ያውጡ፦ ያለፈ ታሪክ በአንድ ቦታ ከ100 ቃል አይለፍ፣ የሚነገረውም አንድ ሰው ያን መረጃ ለሚፈልግበት ጉዳይ፣ በተለይ በጠብ መሐል ይሁን። «አንቺ ነሽ የሰፋሽው!» የሚል ሰው ወደ ያለፈው የሚመለስ አንድ ገጽ ትረካ ያስቀርልዎታል።

የድሮ ገጸ ባሕርያትን ሁሉ አይጥሩ። ለሴራው ሥራ የሌለው ሰው ሰላምታ ሊሰጥ ብቻ አይምጣ፤ ስሙ አንዴ ተነስቶ ማለፉ ይበቃዋል። አዲስ ዋና ገጸ ባሕርይ ሦስት ቢሆን ይበቃል፣ ከአራት ካለፈ የሊያ ቦታ ይጠባል።

ማስተጋባትና መድገምም ይለያዩ። አንባቢ ከክፍል አንድ የሚያውቀውን ቅርጽ መልሶ ማግኘት ይወዳል፤ ሦስት ጊዜ የሚደገም ጥያቄ፣ በግጥም የሚነገር ትንቢት፣ የአሮጊቷ ምክር። ቅርጹ ይመለስ፣ ውጤቱ ይለወጥ። ሉዊስ ካሮል ለ1865ቱ የአሊስ ታሪክ በ1871 ተከታይ ሲያወጣ ጨዋታውን ከካርታ ወደ ቼዝ፣ ወቅቱን ከግንቦት ወደ ኅዳር፣ መነሻውን ከደጅ ወደ ቤት ውስጥ ቀየረ። ልጅቷም፣ ሕልሙም፣ የሚያናድዱት ፍጡራንም ግን አሉ። የእርስዎ ክፍል አንድ የሌሊት መጽሐፍ ነበር፤ ጥላ በጉልህ የሚታየው በቀትር ሰዓት ሳይሆን ጠዋትና ማታ ስለሆነ ክፍል ሁለትን የንጋትና የምሽት መጽሐፍ ያድርጉት። ይህ ለመቼቱ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በጥላቸው እያፈሩ ቀትር ላይ ብቻ የሚወጡበት ከተማ ራሱ ትዕይንት ይሰጥዎታል።

ሦስተኛ ክፍልን አሁን አያቅዱት፤ በሩን ግን አይቆልፉት። ፍራንክ ባውም ኦዝ ስለምትባል አስማተኛ ምድር እ.ኤ.አ. በ1900 የጀመረውን ተከታታይ ለመጨረስ በ1910 ባወጣው ስድስተኛው መጽሐፍ ምድሪቱን በአስማት ከዓለም ሸሸጋት። በ1913 ሲመለስ ወሬው በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ይደርሰኛል የሚል ምክንያት መፍጠር ነበረበት። በልጆች መጽሐፍ ያስፈግጋል፣ ያስኬዳልም፤ በእርስዎ ቃና ግን አይሠራም። ስለዚህ የሚዘጉት ጥያቄውን ይሁን እንጂ ዓለሙን አይሁን፤ መርፌዋ አትቃጠል፣ አስማት ከምድር አይጥፋ። ደግሞ ለሦስተኛው ብለው የሁለተኛውን ጡዘት አያንጠልጥሉ። የንጉሡ ጥላ ነገር እዚሁ ማለቅ አለበት። ሳይከፈል ሊቀር የሚችለው ትንሽ ዕዳ ነው፤ ለምሳሌ አንጥረኛውን ጥሎ ያመለጠው የልጅቷ ጥላ የት እንደደረሰ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአራት ሰው ይስጡ፤ ሁለቱ ክፍል አንድን ያነበቡ፣ ሁለቱ ያላነበቡ። ላላነበቡት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያስቁሟቸውና ሊያ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትፈልግ፣ ምን እንደምትፈራ ይጠይቋቸው። ከሦስቱ ሁለቱን ካልመለሱ መረጃው አንሷል። ላነበቡት ደግሞ ያነበቡትን ሲደገምላቸው የዘለሉትን መስመር በእርሳስ እንዲያሰምሩበት ይንገሯቸው፤ ሁለቱም ያሰመሩበት ይውጣ። «ወደድከው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ትህትናን እንጂ መረጃን አያመጣም።

ሦስቱን ጅምሮች አይጣሏቸው። ወንድምየውን ካወጡ በኋላ ከየረቂቁ ሁለት ዓይነት ነገር ይልቀሙ፦ ሊያና ባሏ ብቻቸውን የሚነጋገሩበት ምልልስ፣ እና የቤተ መንግሥቱ ኑሮ ለሊያ እንዴት እንደማይመቻት የሚያሳይ ማንኛውም አንቀጽ። የመጀመሪያው ለምዕራፍ 14 መደበቅ መሠረት ይሆናል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ላይ አንጥረኛው ሲመጣ ለምን ራሷ ደጅ ድረስ እንደወጣች ያስረዳል።